ከልጆችና ከአያት ጋር በክረምት ወደ መንዝ መግባት፦ መቼ? በምን? ምን ይዞ?

የጌራ ምድር ዘመድ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልን። ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ልጆቹን ይዘን አገር ቤት ልንገባ አስበናል። ቀያችን መሐል ሜዳ አካባቢ፣ ከከተማው ወጣ ያለ ገጠር ነው። የምንነሳው ከአዲስ አበባ ነው። 6 ሰው ነን፦ ባልና ሚስት፣ የ12፣ የ8 እና የ4 ዓመት ልጆች፣ እንዲሁም የ71 ዓመት እናታችን። እናታችን የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳሉ። ልጆቹ አገሩን አያውቁትም። መቆየት የምንችለው እስከ 8 ቀን ነው። ያለችን መኪና ቪትዝ ናት፤ ለ6 ሰው አትበቃም፣ ለመንገዱም አናምናትም። የትኛው ሳምንት ይሻላል? በምን እንሂድ? ምን ይዘን እንግባ? የምታውቁትን በዝርዝር ጻፉልን።

ዘመን ቆጣሪ

ሌላውን ሁሉ የሚወስነው ቀኑ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሐምሌን ተዉት። ዝናቡ የሚበረታበት፣ ዘመዶቻችሁም እርሻና አረም ላይ የሚውሉበት ጊዜ ነው። ማንም አይከፋባችሁም፤ ነገር ግን ቤት የሚውል ሰው አታገኙም።

ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ይገባል። ብዙ ከተሜ ጾሙን ሸሽቶ ከነሐሴ 16 በኋላ ይሄዳል። ይህ ሁለት ነገር ያሳጣል። አንደኛው ቡሄ ነው፤ ልጆች አገር ቤትን የሚወዱበት ቀን ከዚያ የተሻለ የለም፣ እሱም የሚውለው ነሐሴ 13፣ ጾሙ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የባለቤቶቹ ነገር ነው። እንግዳ በፍስክ ሲገባ ዘመድ ሁሉ ዶሮና በግ ካላረድኩ ብሎ ይጨነቃል። በጾም ሲገባ ግን ሽሮና ስልጆ ቀርቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ማንም ሳያፍር ያልፋል። ነሐሴ ደግሞ ጎተራ የሚሳሳበት ወር መሆኑን አትርሱ፤ የበልግ ገብስ ያልቀናቸው ቤቶች እስከ መኸር በቁጠባ ነው የሚኖሩት።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ነሐሴ 11 ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃን እደሩ። 12 ከቀትር በፊት ቀዬው ግቡ፤ ማታውኑ ችቦውና ሆያ ሆዬው ይደርስላችኋል። 13 ቡሄ። 14 እና 15 የጥየቃ ቀን ይሁን። 16 ፍልሰታ ይፈታል፣ ያን ቀን ከሁሉም ዘመድ ጋር አንድ ላይ ትበላላችሁ። 17 ዕረፍት፣ 18 መመለስ። 8 ቀኑ ሞላ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ነሐሴ 16 ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ የዕለቱ ጾም አይሻርም፤ ሥጋው ወደ ማግሥቱ ይሄዳል። የዘንድሮውን ካላንደር አይታችሁ ቀን ቁረጡ።

ጣርማ በር ላይ ያለ

የመንገዱን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ እና ጫጫ የሚያልፍ አስፋልት። ከደብረ ብርሃን አስፋልቱ እስከ ጣርማ በር ይቀጥላል። እዚያ ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አለ። የመንዝ መንገድ ዋሻው ከመድረሱ በፊት ወደ ግራ ይገነጠላል። ዋሻ ውስጥ ከገባችሁ ስታችኋል፤ ቁልቁለቱ ደብረ ሲና ያወርዳችኋል።

በምን ለሚለው፦ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ በጠዋት ገብታችሁ እስከ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ሂዱ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ መኪና መከራየት በአስፋልቱ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ግን ከ4 ዓመት ልጅና ከአዛውንት ጋር በትርፍ በተሞላ ሚኒባስ ወይም በቅጥቅጥ አትሂዱ። ከፍ ያለ፣ በ4ቱም ጎማ የሚነዳ መኪና፣ የመንዝን መንገድ በክረምት ከሚያውቅ ሹፌር ጋር ኮንትራት ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት አራት ነገር ቁረጡ፦ ናፍጣ በማን ነው? የሹፌሩ አልጋና ምግብስ? መኪናው አድርሶ ይመለሳል ወይስ ይቆያል? ጭቃ ይዞ ቢያሳድር ተጨማሪ ቀን ይታሰባል? አራተኛውን ሁልጊዜ የሚረሳው ሰው ነው፣ ጭቅጭቅም የሚመጣው ከዚያ ነው። አድርሶ ተመልሶ ነሐሴ 17 መጥቶ እንዲያድር መዋዋል ከማቆየት ይረክሳል፤ ግን ቀብድ የምትሰጡት ለሄደበት ብቻ ይሁን፣ የመመለሻውን ሲመጣ።

መኪናውን ራሳችሁ እዩት። የመለዋወጫ ጎማው ነፋስ አለው? ክሪክ አለ? ከክሪኩ ጋር ወፍራም ጣውላ አለ? ጣውላው ዋና ነገር ነው፤ ረጥቦ በላላ መሬት ላይ ክሪክ መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ራሱ ይሰምጣል። አካፋና መጎተቻ ገመድም ይኑር። የዝናብ መጥረጊያው ጎማ ያልደረቀ ይሁን። ጎማው ጥርሱ ያለቀ ከሆነ፣ አንድ ሺህ ብር ቢቀንስላችሁም ሌላ መኪና ፈልጉ።

ሰዓቱ፦ ደጋው ላይ ዝናብና በረዶ በብዛት ከቀትር በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጡ። ከዚያ ቀድሞ መውጣት ደግሞ ጥሩ አይደለም፤ ጣርማ በር ላይ ያለው ጉም በክረምት ማለዳ እጅ ያህል ርቀት የማያሳይበት ጊዜ አለ። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አይበራም፤ ብርሃኑ ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይን ያውራል። አጭሩን አብርቶ፣ መስኮት ትንሽ ከፍቶ፣ በዝግታ መሄድ ነው። መስታወቱ ከውስጥ ላብ ሲይዝ በጨርቅ ከማሸት ይልቅ ማራገቢያውን ወደ መስታወቱ አዙሩት።

ጭቃ ላይ ሹፌሩ ተው ቢላችሁ ተዉት፣ ውረዱ ቢላችሁ ውረዱ። ጭቃ ከመግባቱ በፊት ማርሽ ከባድ አድርጎ፣ መሐል ላይ ሳይቆም፣ ነዳጅ ሳያበዛ ነው የሚታለፈው። ነዳጅ ሲበዛ ጎማው ይቆፍራል። ጅረት ደርሶ ውኃው ደፍርሶ ድንጋይ እያንከባለለ ከሆነ አይሻገርም። ዝናቡ በላይኛው አገር ካባራ የደራሽ ውኃ ቶሎ ይጎድላል፤ መጠበቅ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ነዳጅ ሙሉ። ጥሬ ገንዘብ እዚያው አውጡ፤ «ሲስተም የለም» የሚባልበት ቀን ብዙ ነው። የሁሉም አዋቂ መታወቂያ በእጅ ይሁን፣ ኬላ ላይ ይጠየቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከዋዜማው ማታና በተነሳችሁበት ጠዋት መንገዱ ክፍት መሆኑን ቀዬው ላለ ዘመድ እና በዚያው ቀን ከመንዝ ለወረደ ሹፌር ደውላችሁ ጠይቁ። ዝም ያለ መንገድ ላይ፣ ተመላሽ መኪና በማይታይበት ቀን፣ ቤተሰብ ይዞ አይገባም። በሌሊት ደግሞ በፍጹም። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ማደር የሚጎዳው ነገር የለም።

ብርዱ ካልቀረ

ለምን ክረምት? በጥር ጥምቀትን ይዛችሁ ብትገቡ ጭቃ የለም፣ መኸሩም ገብቷል።

ዘመን ቆጣሪ

ለአዋቂ ጥር ይሻላል፣ እውነት ነው። ግን የ12 እና የ8 ዓመት ልጆች በጥር ትምህርት ላይ ናቸው፣ 8 ቀን አይገኝም። የጥር ሌሊት ደግሞ ከክረምቱ ይልቅ የሚቆረጥም ውርጭ አለው፤ ደመና ስለሌለ ሙቀቱን ሰማይ ይወስደዋል። በነሐሴ ቀኑ ይቀዘቅዛል እንጂ ሌሊቱ እንደ ኅዳርና ታኅሣሥ በረዶ አያስረግጥም።

የሌማት ነገር

ስንቁን በሚመለከት፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ለራሱ ብቻ አስልቶ ነው። ሌማቱ ላይ የምትቀመጡት 6ታችሁ ብቻ አይደላችሁም፤ ሊጠይቅ የሚመጣው ሁሉ አብሮ ይቆርሳል።

ጤፍ በዚያ ከፍታ አይበቅልም። ከጅሩ ወይም ከሌላ ወይና ደጋ በገበያ ነው የሚደርሳቸው፣ ውድ ነው። ስለዚህ የጤፍ ዱቄት ይዛችሁ ግቡ። 1 ኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱ ከ4 እስከ 5 እንጀራ ያወጣል። ለ6 ሰው በቀን 10 ብትሉ፣ ለ7 ቀን 70 እንጀራ፣ ወደ 16 ኪሎ ይሆናል። ለእንግዳው እኩሌታውን ጨምራችሁ 25 ኪሎ ያዙ። ዱቄቱ ግን ከእናንተ ጋር ሳይሆን ቢያንስ 5 ቀን ቀድሞ በሰው ይላክ። ምክንያቱም አዲስ አበባ በ3 ቀን የሚደርስ ሊጥ እዚያ ብርድ ላይ 4 እና 5 ቀን ይፈልጋል። ምድጃ አጠገብ ካልተቀመጠ ኩፍ አይልም፣ ያልቦካ እንጀራ ደግሞ ዓይን አያወጣም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚሆን የተጋገረ እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ። ድርቆሽ ብትጨምሩበት ዝናብ ይዟችሁ ለምትውሉበት ቀን ይሆናል።

በርበሬና ሽሮ እዚያ ያለው ይበልጣል፣ አትሸከሙ። ዘይት አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ለማረፊያችሁ ቤት። ሽንኩርት ከደብረ ብርሃን ግዙ። ቅቤ ከሸኖ ለመግዛት ልባችሁ ይሳሳል፤ ለጾሙ ማብቂያ ያስፈልጋል ብላችሁ እንደሆነ ግን ባለቤቶቹ በጾሙ ያልተበላውን ወተት እየገፉ አጠራቅመው ይጠብቋችኋል።

የእጅ መንሻው ቡና ነው። መንዝ ቡና አያበቅልም፣ ሁሉም ቤት ግን ይጠጣል። ለማረፊያ ቤት 3 ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ለቅርብ ዘመድ ቤት ሁሉ አንዳንድ ኪሎ፣ ለጎረቤት ግማሽ ግማሽ። ከእሱ ጋር ስኳርና ሻይ ቅጠል። ቤት እየቆጠራችሁ በየፌስታሉ ከአዲስ አበባ አሰናድታችሁ ያዙ፤ እዚያ ሰው ፊት እየመዘኑ ማካፈል ቅሬታ ያመጣል። 5 ፌስታል ያለ ስም ትርፍ ይኑር፣ የተረሳ ዘመድ አይጠፋም። ለአረጋውያን ወንዶች ጋቢ፣ ለእናቶች ነጠላ። ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ሲሰናበቱ፣ እጅ ሲጨብጡ ነው እንጂ እንደገቡ አይሰጥም።

ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ። ፍልሰታ ቅዳሴው በየዕለቱ ስለሆነ ይህን የመሰለ ስጦታ የሚፈለግበት ወቅት ነው።

የጌራ ምድር ዘመድ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። የ12 ዓመቱ ልጅ ይጾማል፣ የ8 ዓመቷ «እጾማለሁ» እያለች ነው። የ4 ዓመቱ ወተት ይጠጣል። ጿሚ ቤት ውስጥ ነውር አይሆንብንም? እናታችን ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ልጹም ይላሉ።

ነርስ ከደብረ ብርሃን

ለሕፃን ወተት ማንም አይነቅፍም፤ ላሟ ካለች እነሱ ራሳቸው ይጠይቋችኋል። የታለበውን ግን አፍልታችሁ ስጡ። ፍልሰታ ልጆች የሚወዱት ጾም ስለሆነ የ8 ዓመቷን አትከልክሏት፤ እስከ ቀትር ጾማ በደንብ ከበላች ይበቃታል።

እናትን በተመለከተ፣ መጾም አለመጾማቸውን ሳይሆን የመድኃኒቱን ሰዓት ነው የምታስተካክሉት። ጠዋት የሚወሰድ መድኃኒት 9 ሰዓት ድረስ ቢዘገይ ግፊቱ ይወጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን «በማታ ልውሰደው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሽንት የሚያስወጣ እንክብል ካለበት ደግሞ፣ ተቅማጥ ከያዛቸው ያንን እንክብል መቀጠል አለመቀጠሉን በስልክም ቢሆን ሐኪም ጠይቁ፤ ውኃ ከሁለት በኩል ሲወጣ ራስ ያዞራል፣ ይጥላል። መድኃኒቱ ለ8 ቀን ሳይሆን ለ15 ቀን ይያዝ፤ ግማሹ በእጅ ቦርሳ፣ ግማሹ በሻንጣ።

ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ስለሆነ እዚያ ማደሩ ለሰውነት መለማመጃ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ቀላል ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው። ውኃ ማብዛት፣ መጀመሪያ ቀን ዳገት አለመውጣት፣ ጠላና አረቄ ላይ አለመቸኮል። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረ፣ ንግግር ከተምታታ ወይም እርምጃ ከተንገዳገደ ግን «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ አንድ ሌሊት መጠበቅ አይገባም። መሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያም ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው።

ውኃ በ3,000 ሜትር ላይ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። በዚሁ ምክንያት ባቄላና ክክ አዲስ አበባ ከሚፈጀው በላይ እሳት ይፈልጋል፤ ሳይበስል ለልጅ ተሰጥቶ ነው ሆድ የሚነፋው። ማታውን መዘፍዘፍ ይረዳል። ኦ አር ኤስ (ተቅማጥ ሲይዝ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት) 6 ፓኬት ያዙ፤ አንዱ በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጣል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

አሁን የምጽፈውን ደግማችሁ አንብቡት። ብርዱን ለመከላከል የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ጭስ የለውም ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የሚገድለው ሽታም ቀለምም የሌለው ነው። ዘመድ እንግዳ ይሞቀው ብሎ በፍቅር ያስገባዋል። «እናታችን ያፍናቸዋል» ብላችሁ በትሕትና አስወጡት። በምትኩ ሙቅ ውኃ ባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ ሳይሆን በማይቀልጥ ዕቃ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይቻላል።

ውሻ ልጅ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ግቡ። ጠበል ቢወሰድም ክትባቱ አይቅር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

የዕድር ጸሐፊ

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ብዙ ዘመን ቆይቶ አገር የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ለቅሶ ነው። እናንተ ካልነበራችሁበት ጊዜ ጀምሮ ማን እንዳረፈ ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ አስቆጥሩና ጻፉ፤ የሟች ስም፣ የቤቱ ባለቤት፣ ዝምድናው በማን በኩል እንደሆነ። እናታችሁ ይህን ሲሰሙ ሊያዝኑ ስለሚችሉ፣ መንገድ ላይ ወይም ሰው መሐል ሳይሆን ቤታችሁ ተቀምጠው ይስሙት። ያልተረዱትን ሞት ቀዬው ደጃፍ ላይ ማርዳት ለግፊታቸውም ጥሩ አይደለም።

ጥየቃው ቅደም ተከተል አለው። ሐዘን ያለበት ቤት ከደስታው ቤት ይቀድማል። በጠዋት፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ልጆቹን ሁሉ ሳያግተለትሉ ታላቁን ልጅ ብቻ ይዞ ይገባል። «እግዜር ያጥናችሁ፣ ነፍስ ይማር» ተብሎ ትንሽ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ስለ መንገዱና ስለ አዲስ አበባ ወሬ የሚጀመረው ባለቤቶቹ ሲያነሱት ነው። ቡናና ስኳሩ ሲወጡ በጓዳ በኩል ይሰጣል። በአንድ ጠዋት ከ3 ቤት በላይ አትያዙ፤ ሁሉም ቤት አፍ ሳያሽሩ አያስወጣም፣ ተጣድፎ መነሳት ደግሞ ካለመሄድ የበለጠ ይቆጫል። ከዚያ በኋላ የወለደች ካለች፣ ያገባ ካለ።

አንድ የቅርብ የሥጋ ዘመድ ቤት ሳይረገጥ ከቀረ ለዓመታት ይነሳል። ጊዜ ካጠረ፣ ነሐሴ 16 ማዕዱ ላይ በስም ጠርታችሁ ጋብዙትና እዚያው ይቅርታ ጠይቁ።

መኝታ ላይም እንዲሁ። 6 ሰው አንድ ጎጆ አይበቃም፣ ግን መሐል ሜዳ ሆቴል አልጋ ብትይዙ «ቤት እያለን» ይባላል። መፍትሔው እናትና አንድ ልጅ ዋናው ቤት፣ ሌሎቻችሁ ሁለተኛ ዘመድ ቤት ማደር ነው። ብርድ ልብስና አንሶላ የራሳችሁን ያዙ፤ ቁንጫውንም ለመቀነስ፣ የባለቤቶቹንም መኝታ ላለመግፈፍ። ስትሄዱ ብርድ ልብሱን እዚያው ትታችሁት ብትሄዱ ጥሩ ስጦታ ነው።

ርስት አያነሳም

ከላይ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ አጭር ነው። ስለ መሬት ምንም አትጠይቁ። «የአባታችን ማሳ እስከ የት ነበር?» የሚለው ለልጅ ማሳያ ሆኖ የተጠየቀ ንጹሕ ጥያቄ፣ ማሳውን ዛሬ ለሚያርሰው ዘመድ ሌላ ነገር ነው የሚመስለው። እናታችሁ በገቡበት ምሽት «እኔ የመጣሁት ዓይናችሁን ለማየት ነው፤ ለሌላ አይደለም» ቢሉ ቤቱ ሁሉ ይተነፍሳል። የይዞታ ደብተር ነገር ካለባችሁ በሌላ ጊዜ፣ ልጅና አያት ሳይዙ፣ በሽማግሌ ነው።

የጭላዳ ጎረቤት

የልጆቹን ነገር ለእኔ ተዉት።

ከመሄዳችሁ በፊት አራት ነገር አስተምሯቸው፦ ትልቅ ሰው ሲገባ መነሳት፣ ጉልበት መሳም፣ «እርስዎ» ማለት፣ የቀረበን ምግብ አለማሽተት። እናት የምታህል አክስትን በስሟ አይጠሩም፤ «እትዬ»፣ «ጋሼ»፣ «እማማ» ማለቱን ይልመዱት። የአያቶቻቸውን ስም እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩ የሚላቸው ሽማግሌ አይጠፋም። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሁሉንም እሳት ዙሪያ ሲሰበስብ፣ የ12 ዓመቱ ልጅ ደብተር ይዞ በአባትም በእናትም በኩል ይጻፈው። ሽማግሌዎቹ እየተራረሙ የሚሉትን ሁሉ ይጻፍ፣ የሚጣላውን ስም ሁለቱንም ይጻፍ። ስልክ ላይ ድምፃቸውን ብትቀዱ ፈቃድ ጠይቃችሁ ይሁን።

ልብስ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ የላስቲክ ቦቲ፣ 5 ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣ 2 ሹራብ፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ። ካልሲው አይደርቅም፤ በዝናብ ወር የሚደርቀው ምድጃ ላይ ነው፣ ጭስ ይጠጣል። ቦቲው ውስጥ ማታ ማታ ጋዜጣ ወስውሱበት። ሳማ ቅጠል የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን አሳዩአቸው። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሣር በክረምት ያንሸራትታል፤ ከአፋፉ 10 እርምጃ ርቀት ይከልከል። ነጎድጓድ ሲጀምር ከዛፍ ሥርና ከሜዳ መሐል ወጥቶ ቤት መግባት ነው፣ ጥላ ይዞ መቆም አይደለም።

ቡሄ ላይ ጅራፍ ይጮኻል። የአገሩ ልጆች ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ስለተለማመዱ እርቀቱን ያውቁታል፤ የእናንተዎቹ አያውቁትም። ጅራፉ የሚመጣው ወደ ኋላ ዞሮ ስለሆነ አደጋው ያለው ፊት ለፊት ሳይሆን ከገራፊው ኋላና ጎን ነው። የጅራፉን ርዝመት እጥፍ ያህል ይራቁ፤ ሲይዙም መጀመሪያ በአጭሩ፣ ዓይንን የሚከልል ኮፍያ አድርገው። ለሆያ ሆዬ ዝርዝር ባለ 10 ብር ከባንክ ያዙ፣ ሙልሙሉ እንዳያልቅባችሁ። የእናንተም ልጆች ከቡድኑ ጋር እየዞሩ ይጨፍሩ እንጂ በር ላይ ቆመው ሰጪ ብቻ አይሁኑ። ግጥሙን አንድ ሳምንት ቀድመው ያጥኑት።

17ን ለጓሳ ስጡት። ከመሐል ሜዳ ሩቅ አይደለም፤ ሹፌራችሁ ገና ካልተመለሰ ለዚያ ጠዋት ከአካባቢው መኪና ያዙ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የጓሳ ሣር አገር ነው፤ የመንዝ አቅኚ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው በተራ እየከፈቱ ከድሮ ጀምሮ የጠበቁት። ለልጆች ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት የለም። የማኅበረሰቡን ጥበቃ ቢሮ መጀመሪያ አነጋግሩ፣ መግቢያውን ክፈሉ፣ አንድ የአካባቢውን ጠባቂ ይዛችሁ ግቡ። ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጥሩ ነው። ምግብ አይሰጣቸውም፤ ከሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ማሳ ይገባል፣ ማሳ የገባውን ደግሞ ሰው ይገድለዋል። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ሞተር አጥፉ። የቀዬውን ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለቀበሮዎቹ ከጥይት የከፋው የውሻ በሽታ ነው።

የሌማት ነገር

በጉን ረስተነው። ለ16 የሚታረደው ጾሙ መሐል፣ እስከ 13 ባለው ገበያ ይገዛ፤ ጾሙ ሊፈታ ሲል ዋጋው ይወጣል። እናንተ ገበያ አትውጡ። ከተሜ ሲታይ ዋጋ ስለሚጨመር፣ ገንዘቡን ለአንድ ዘመድ ሰጥታችሁ እሱ ይግዛ። የመንዝ በግ ጠጉሩ ስለሚያታልል በዓይን ብቻ አይገዛም፤ እጅ አስገብቶ ወገቡን መዳበስና ላቱን መመዘን ነው። ለ30 ሰው ገደማ ሁለት ይበቃል፣ አንዱ ሙክት ከሆነ። ከ15 ቀን ጾም በኋላ ልጆቹ መጀመሪያ የቅቅል መረቅ ይጠጡ፣ ጥሬ ሥጋ ለልጅ አይሰጥ።

የጌራ ምድር ዘመድ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። ነሐሴ 11 ብለን ቆርጠናል፣ ዱቄቱን በ5 እንልካለን። የለቅሶውን ዝርዝር ዛሬ ማታ እንጀምራለን። የቀረ ጥያቄ፦ ለልጆቹ መታሰቢያ ባና (ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ብርድ ልብስ) መግዛት እንፈልጋለን፣ እንዴት ይመረጣል? ስንመለስስ የሚሰጡንን በምን እንጭናለን?

የዕድር ጸሐፊ

ባና ከሸማኔው ወይም ከገበያው በዘመድ ይገዛ። በሁለት እጅ ወጥራችሁ ወደ ብርሃን አንሡት፤ ብርሃን በብዛት የሚያሳልፍ ከሆነ ሽመናው ሳስቷል። በመዳፍ ጠንክራችሁ እሹት፣ ጠጉሩ በብዛት ከተነቀለ አልጠበቀም። የበግ ጠጉር ስለሆነ በሙቅ ውኃ አይታጠብም፣ ይኮማተራል። ለልጅ ከሆነ በቁመቱ ልክ ሳይሆን ሲያድግ በሚሆነው ልክ ግዙ።

ጣርማ በር ላይ ያለ

ለመመለሻው ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት እና አንድ ክዳኑ የሚጠብቅ ባልዲ ከአዲስ አበባ ያዙ። በሶና የገብስ ቆሎ ከረጢቱ ውስጥ፣ ከላዩ ላስቲክ አልብሶ መኪናው ውስጥ ይገባል እንጂ ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫንም፤ አንድ ዝናብ በሶውን ሊጥ ያደርገዋል። ቅቤው ባልዲው ውስጥ፣ ከሞተሩ ሙቀት ርቆ። በሕይወት ያለ በግ ሲሰጧችሁ ከ4 ዓመት ልጅ ጋር አንድ መኪና ውስጥ አይሆንም፤ ለአንዱ የወንድም ልጅ እርባታ ብላችሁ እዚያው ተዉት። ሹፌሩን 16 ማታ ደውሉለት፣ 17 መጥቶ ይደር፣ 18 ጠዋት 1 ሰዓት ደጃፍ ላይ ይሁን። ስንብቱ ራሱ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ስለዚህ ዕቃው ማታውኑ ታስሮ ይደር።